ስለ ኒሻ የተጠየቅኩ ቀን

ፍርድ ቤት ቆሞ መመስከር ይሻላል እላለሁ። እዚያ ቢያንስ የምትጠየቁት ስላያችሁት ነገር ነው፤ ከጨነቃችሁም "አላስታውስም" ብላችሁ ትገላገላላችሁ። ለትዳር የሚጠየቅ ጎረቤት ግን ምን መውጫ አለው? "ልጅቷ እንዴት ናት?" ይባላል። "ጥሩ ናት" ብቻ ካላችሁ የደበቃችሁት ነገር ያለ ይመስላል። አብዝታችሁ ካመሰገናችሁ ገዢ የጠፋላት ዕቃ ታስመስሏታላችሁ። ዝም ካላችሁማ አለቀላት። እኔ ደግሞ ምላሴን የማላምን ሴት ነኝ።

ጎረቤቴ ራሜሽ ህንድ ነው። ህንድ ልበለው እንጂ እዚሁ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ተወልዶ መጋላ ገበያ ጨርቅ ሲሸጥ ያረጀ፣ ጣዖቱ ፊት ዕጣን አጢሶ ሲያበቃ "ወላሂ" ብሎ የሚምል የድሬ ሰው ነው። ልጁን ኒሻን ለመዳር ሲነሳ ግን አገሩ ትዝ አለው። ዘመድ አፈላልጎ ሙምባይ ውስጥ አንድ መሐንዲስ አገኘላት፤ ኮከባቸው ተቆጠረ፤ ገጠመ። (አትሳቁ፤ እኛም ሰፈር ኮከብ ቆጣሪው ሥራ አልፈታም።) ከዚያ በፊት የመጣው ኮከቡ አልገጥም ብሎ ቀርቷል። ይሄኛውን ግን ኒሻ በስልክ ስታወራው ከርማ ወደደችው፤ ከልቧ ወደደችው።

የመሐንዲሱ እናትና አጎት ልጅቷን ሊያዩ መጡ። በወጋቸው ልጅቷ ሻይ ይዛ ትቀርባለች፤ ስለ ጸባይዋም ከቤተሰቡ ውጭ ያለ ሰው ይጠየቃል። ያ ሰው እኔ ሆንኩ። ኒሻ ጠዋት መጥታ "አቦ እትዬ ዘኒ፣ አደራሽን" አለችኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የምለውን ስለማመድ ዋልኩ።

ተቀመጥን። ኒሻ ሻዩን አቀረበች። አጎትየው ጠየቀ፤ ራሜሽ ተረጎመ፤ የእኔ ተራ ደረሰ። እንግዲህ እናንተ የድሬ ልጅ ብትሆኑ ሴት ልጅን በምን ታመሰግኗታላችሁ? እኔም በዚያው አመሰገንኳት። የሁላችንም ልጅ ናት አልኩ። እዚህ ሰፈር ያልበላችበት ቤት የለም፤ በረመዳን መጋላ ጓደኞቿ ቤት ታፈጥራለች፤ እኛ ክርስቲያኖቹ ፆም ስንፈታ እኔ ትሪ ላይ ናት፤ ያጎረሳት እጅ አይቆጠርም!

የራሜሽ ፊት አመድ መሰለ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የእንግዶቹ ቤት ሥጋ ቀርቶ እንቁላል የማይደርስበት፣ በማን እጅ ምን እንደተበላ የሚጠየቅበት ቤት ነው። እኔ ደግሞ ልጅቷን ከሰፈሩ ትሪ ሁሉ ጋር አነካካኋት። አጎትየው "ምን አለች?" ይላል፤ ራሜሽ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባቷ ዝም ሲል ኒሻ ራሷ ተረጎመችው። አንድም አላስቀረችም። ትሪውንም፣ ጉርሻውንም፣ መጋላንም፤ ቃላቱን በእኛው አማርኛ ስትጠራቸው ሰማሁ። አጎትየው ስኒውን አስቀመጠ። ወደ ልጁ እናት ዞረ።

ሴትዮዋ ግን አልተቆጣችም። ኒሻን ረጅም ጊዜ አየቻትና ቀስ ብላ አንድ ነገር ተናገረች። ምን እንዳለች ኒሻን ጠየቅኳት።

"'እኛ የምንኖረው ፎቅ ላይ ነው' ትላለች" አለችኝ። "'ልጄ የሚገባው ሲመሽ ነው። እኔም ሳገባ ከብዙ ሰው መሀል ነው የወጣሁት። በራችንን የሚያንኳኳ የለም። ይቺ ልጅ ከማን ጋር ትበላለች?'"

መጨረሻው ላይ ድምጿ ተሰበረ። እስከዚያች ደቂቃ ልጁን እንጂ ቤቱን አስባው የማታውቅ መሰለኝ። ራሜሽ ወለሉን ያያል።

ከዚያ አጎትየው ሳቀና የጣፋጩን ሳህን አነሳ። ልጅቷን ወደዋታል። እውነቱን የማይደብቅ ሰፈር ያሳደጋት ናት አለ፤ እኔንም አመሰገነኝ። የሁላችንም አፍ ውስጥ ጣፋጭ ተደረገ፤ በወጋቸው ነገሩ ተቆረጠ ማለት ነው። ራሜሽ አለቀሰ። ኒሻ አጠገቤ መጥታ እጄን ያዘች፤ እጇ በረዶ ነበር፤ እስኪሄዱም አልለቀቀችኝም።

ሠርጉ ዝናቡ ሲያበቃ ነው። ሰፈርተኛው "ጎሽ፣ አንቺ ነሽ የዳርሻት" እያለ ያመሰግነኛል። እኔ ያን ቀን የፈራሁት እምቢ እንዳይሉ ነበር። አሁን ግን ትሪ ባቀረብኩ ቁጥር "ይቺ ልጅ ከማን ጋር ትበላለች?" እላለሁ።