ስሙ ወደፊት የሚገለጽ ተጫዋች

የኦማሃ ሽመላዎች ቤዝቦል ክለብ በዚያ ዓመት ከመቶ ስልሳ ሁለት ጨዋታ መቶ ስምንቱን ስለተሸነፈ፣ የዋና ሥራ አስኪያጁ የዱዌይን ኮስቴሌክ ውል ለተጨማሪ ሦስት ዓመት ተራዘመ። በዚህ የተገረመ ሰው አልነበረም። የክለቡ የአምስት ዓመት ዕቅድ ያኔ አሥራ አንደኛ ዓመቱን ይዞ ነበር፤ ዕቅዱም መሸነፍ ነው። መጨረሻ የወጣ ክለብ በሚቀጥለው ዓመት ከአገሪቱ ወጣት ተጫዋቾች ቀድሞ ይመርጣል፤ የተመረጠው ልጅ ሲጎለምስ ያሸንፋል፤ እስኪጎለምስ በትዕግሥት ይሸነፋል። ልጆቹ ጎለመሱ፣ አገቡ፣ አንዳንዶቹ ጡረታ ወጡ። እኛ የኦማሃ ሰዎች ግን ትኬት እየቆረጥን መጠበቃችንን አልተውንም። መጠበቅን ከበቆሎ ተምረናል። ልዩነቱ፣ በቆሎ ይደርሳል።

የክለቡ ባለቤት ወይዘሮ ማርጎት ትሪምብል ክለቡን የወረሱት ከከብት መኖ ፋብሪካው ጋር ከሟች ባላቸው ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ዓይን ያዩ ነበር። የኮስቴሌክን ውል ፈርመው እስክሪብቶውን ሳይከድኑ ተቆጡ።

"መቶ አሥር ነበር የተባባልነው።"

"አዎ እመቤቴ።"

"ሁለቱ የት ገቡ?"

"አሸነፍናቸው።"

"እንዴት ተደርጎ?"

"በስህተት ነው።"

"ሰው በስህተት አንድ ጊዜ ያሸንፋል። ሁለቴ ከሆነ አመል ነው። ማነው ይሄን ያደረገው?"

"ወርዋሪው፣ ኢላይ ማክሬዲ። እሱ የወረወረውን ኳስ መቺዎቹ አያገኙትም።"

"አልተነገረውም?"

"ተነግሮታል። ልጁስ ጨዋ ነው፤ ክንዱ ነው እምቢ ያለው።"

"አሰናብተው። ስማ ዱዌይን፣ በመጪው መስከረም ሃያ ዓመትህን ትደፍናለህ። ስምህ በምሥራቁ በር ጡብ ላይ እንዲቀረጽ ቃል የገባሁልህ እኔ ነኝ። ጡብህን በድል እንዳታበላሸው።"

ኮስቴሌክ በዚህ ዓለም የሚመኘው አንድ ነገር ቢኖር ያ ጡብ ነው። ሃያ ዓመት ያገለገለ ሰው ስሙ በምሥራቁ በር ግንብ ላይ ይቀረጻል፤ ተመልካች ሁሉ ቢራውን ይዞ በዚያ ሥር ያልፋል። እሱ ደግሞ ስም የሚባል ነገር አልነካውም። በስታዲየሙ ውስጥ ሕዝቡ "ያ ሰውዬ" ይለዋል፤ ሲናደድ ሌላም ይለዋል። በወጣትነቱ አንድ ትንሽ ክለብ ውስጥ ኳስ ቀላቢ ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ጨዋታ አንድ ጊዜ መትቶ፣ በማግሥቱ ጋዜጣው "ኮስቴሎ" ብሎ ጻፈው።

ከዚያ ክለብ የወጣበትን ታሪክ በየግብዣው ራሱ ያወራዋል። ቤዝቦል አንድ ያረጀ ልማድ አለው። አንድ ክለብ ዛሬ የሚፈልገውን ይወስድና፣ በለውጡ ማንን እንደሚሰጥ ገና ካልወሰነ፣ ውሉ ላይ "ስሙ ወደፊት የሚገለጽ ተጫዋች" ተብሎ ይጻፋል። በስድስት ወር ውስጥ ስሙ ይገለጻል። የኮስቴሌክ ክለብ በክረምት ከጎረቤቱ የሣር ማጨጃ መኪና ወሰደ፤ በጸደይ የተገለጸው ስም የእሱ ነበር።

"እኔ አዲሱ ክለብ ውስጥ አንድ ዓመት ቆየሁ፤ ማጨጃው ዘጠኝ ዓመት ሠራ" ይላል ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ። "በሕይወቴ ካየኋቸው ለውጦች ሁሉ ብልሁ እሱ ነው። ያሰብኩት እኔ አልነበርኩም።"

ሰው ይስቃል፤ እሱም ይስቃል። ኋላ ግን መኪናው ውስጥ ብቻውን ሲሆን አይስቅም።

በታኅሣሥ ማክሬዲን ለሌላ ክለብ ሰጠ። ጋዜጠኞች ማይክሮፎናቸውን ደቀኑበት።

"በለውጡ ማንን አገኛችሁ?"

ኮስቴሌክ ወረቀቱን አየ። "ስሙ ወደፊት የሚገለጽ ተጫዋች።"

"ጥሩ ነው?"

"እስካሁን አንድ ኳስ አላመለጠውም።"

"ፈጣን ነው?"

"ማንም ቀድሞት አያውቅም።"

ጋዜጣው በማግሥቱ ይህንኑ በትልቁ ጻፈው። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ከአድናቂዎች የሚመጣውን ስድብ ፖስታ በፖስታ ስትከፍት የኖረችው ጸሐፊው ቤቨርሊ፣ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ የምስጋና ደብዳቤ አገኘች። ደግማ ደጋግማ አነበበችው፤ ስድብ አጣችበት።

"ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው" አለችው ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ እየጣለች።

"ሰማይ ላይ ያለች ላም እግሯ አይሰበርም ቤቨርሊ።"

"አትታለብምም።"

"እስቲ የኦማሃን ሕዝብ ጠይቂ። ወተቱን እየጠጣ ነው።"

እውነቱን ነበር። ጀርባው ላይ ስም የሌለው የክለቡ ማልያ ወጣና በሁለት ቀን አለቀ። ሚያዝያ ላይ ቀድመው ለገቡ አሥር ሺህ ተመልካቾች ራሷን የምትነቀንቅ፣ ፊት የሌላት አሻንጉሊት ታደለች። ፊት ስለሌላት ሁሉም ተጫዋቹን ትመስላለች አለ። ለምርጦች ጨዋታ በሚሰጠው የሕዝብ ድምፅ ሰውየው አራተኛ ወጣ። አንደኛ ያልወጣው ወረቀቱ ላይ ስሙ ስለሌለ ነው ተብሎ አቤቱታ ቀረበ።

ሰኔ ላይ ግን ስድስት ወሩ ሞላና ስሙ ተገለጸ። ከርት ዶብስ የሚባል፣ የሃያ ሦስት ዓመት፣ ጆሮው ሰፋ ያለ የአይዳሆ ልጅ ነው። በመጀመሪያው ቀን የቤዝቦልን ትልቁን ምት መትቶ ኳሱን ከአጥር ውጭ ልኮ ሲሮጥ ስታዲየሙ በጩኸት አበደ።

"ይሄን ነው እንዴ ስድስት ወር የጠበቅነው!"

"ጆሮ ጥበቁ አልተባለም!"

"ያኛውን መልሱልን!"

ኮስቴሌክ ሕዝብ የሚሰማ ሰው ነው። በዚያው ሳምንት ዶብስን አሳልፎ ሰጠና በምትኩ ሌላ ስሙ ወደፊት የሚገለጽ ተጫዋች አገኘ። ዘዴው ከሠራ ዘንድ ለምን በአንድ ይቆማል? ሁለተኛ ቤዝ ላይ የሚቆመውን ሰጠ፤ የግራ ሜዳውን ሰጠ፤ በመጨረሻ ቀላቢውንም ሰጠ። በሐምሌ አጋማሽ ክለቡ ስማቸው ወደፊት የሚገለጽ አሥራ አራት ተጫዋቾችና ስማቸው የታወቀ ስምንት ተጫዋቾች ነበሩት። ሊጉ ደብዳቤ ጻፈ። ሜዳ ላይ ዘጠኝ ሰው መቆም አለበት፤ ዘጠኙም የሚታዩ መሆን አለባቸው ይላል።

ኮስቴሌክ ለስፖካን ክለብ ሥራ አስኪያጅ ለጎርደን ፋይፈር ደወለ። ፋይፈር ሦስት ዓመት በተከታታይ ዋንጫ የበላ ሰው ነው።

"ጎርደን ወንድሜ፣ አንድ ሰው ስጠኝ። ማንም ይሁን፣ መቆም ከቻለ ይበቃል።"

"ሉተር ቤምብሪ አለ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ግራ ጉልበቱ አይታጠፍም።"

"እንዲያውም ለመቆም ይመቸዋል።"

"በምትኩስ?"

"ስሙ ወደፊት የሚገለጽ..." ብሎ ኮስቴሌክ አቆመ። ተጫዋቾቹ ስምንት ናቸው። አንዱን ቢሰጥ ቤምብሪን ጨምሮ ያው ስምንት ነው። ፊቱ ካለው ረቂቅ ውል ላይ "ተጫዋች" የሚለውን ቃል ሰረዘና በላዩ "የክለቡ ሰው" ብሎ ጽፎ አነበበለት። ሣር አጫጁን ሊሰጣቸው አስቦ ነው።

"ሰው?" አለ ፋይፈር።

"ሰው። ሰፋ ያለ ቃል ነው።"

"መራጩ ማነው?"

"አንተው ምረጥ። እኔ ስስት አላውቅም።"

ፋይፈር ሳቀ። ቤቨርሊ ውሉን በንጹሕ ስትጽፍ መነጽሯን አወለቀች።

"ሰው ከሆነማ እኔም ሰው ነኝ።"

"አንቺን ማን ይወስድሻል ብለሽ ነው?"

"አንተስ?"

"እኔ ሥራ አስኪያጅ ነኝ።"

"ሰው አይደለህም ማለት ነው?"

"በውል ቋንቋ አይደለሁም። ይልቅ ጻፊ።"

ቤምብሪ መጣ፤ አሥራ አንድ ጨዋታ ቆመ፤ በአሥራ ሁለተኛው ተቀመጠ። ክለቡ በመስከረም መቶ አሥራ ሦስት ጨዋታ ተሸንፎ ዕቅዱን ከነትርፉ አሳካ። ጡቡም ተቀርጾ መጣ። ኮስቴሌክ ቢሮው ውስጥ ጨርቁን ገልጦ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሰ። አልተሳሳቱም፤ "ኮስቴሎ" አይልም። ግንብ ላይ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ስልኩ ጮኸ።

"ዱዌይን፣ ጎርደን ነኝ። ስሙን ልገልጽ ነው።"

"ሣር አጫጁ እዚሁ ነው፣ ጓዙን ሸክፏል።"

"አንተን ነው።"

ኮስቴሌክ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

"አልሰማህም እንዴ? አንተን ነው የመረጥነው።"

"ለምን እኔን? እኔ መቼም አሸንፌ አላውቅም።"

"ለዚያ ነዋ! ባለቤታችን ማሸነፍ ሰልችቷቸዋል። እንደ ሰዉ ሁሉ የአምስት ዓመት ዕቅድ ይኑረን አሉ። እኔ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም፣ ልጆቹ ያሸንፉብኛል። በዚህ ሙያ በአገሪቱ አንደኛ አንተ ነህ። ይሄን ሁሉም ያውቃል።"

በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንደኛ ተባለ። ወደ ወይዘሮ ትሪምብል ቢሮ ሲገባ ጡቡን በሁለት እጁ ታቅፎ ነበር።

"ፊርማው ያንተ ነው" አሉት ቀና ሳይሉ።

"ጡቡስ እመቤቴ?"

"ሃያ ዓመት ነው ያልኩህ። ሦስት ቀን ይጎድላል።"

"ሦስት ቀን ምን ትሆናለች?"

"ደንብ ነው። በል እዚያ አስቀምጠው፣ ጡብ ጡብ ነው፣ አይጣልም።"

ወደ ውጭ ሲወጣ ቤቨርሊ በፕሪም ማርማላታ የተሞላ ኮላች የሚባል ጣፋጭ ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ ጠበቀችው። ዓይኗ ቀልቷል፤ አፏ ግን ያው ነው።

"በጉልበተ ቢስ ተለወጥክ።"

"ድሮ በማጨጃ ነበር" አላት ኮስቴሌክ። "ይኸው ወደ ሰው አድጌያለሁ።"

በመጨረሻው ጨዋታ ቀን ወይዘሮ ትሪምብል ማይክሮፎን ይዘው ሜዳ ላይ ቆሙ። በኮስቴሌክ ቦታ ስሙ ወደፊት የሚገለጽ ሥራ አስኪያጅ መሾሙን አበሠሩ። አርባ ሺህ ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እኔም ነበርኩ፤ እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ።

ኮስቴሌክ ጭብጨባውን የሰማው ከውጭ፣ ሻንጣውን እየጎተተ በምሥራቁ በር ሲያልፍ ነው። ግንበኛው ስሚንቶውን አስተካክሎ ጡቡን አገላብጦ ነበር። የተቀረጸው ፊት ወደ ውስጥ፣ ባዶው ወደ ውጭ። ቀድሞ የወጣ አንድ ተመልካች፣ ጀርባው ባዶ የሆነ ማልያ ለብሶ፣ አጠገቡ መጣና ስልኩን ዘረጋለት።

"ጌታው፣ እባክህ ከጡቡ ጋር አንሳኝ። የአዲሱ ሥራ አስኪያጅ ነው።"

"ጥሩ ሰው ነው?"

"ምን ነካህ! እስካሁን አንድ ስህተት አልሠራም።"

ኮስቴሌክ ስልኩን ደግፎ ያዘና አነሳው። ሰውየው ፎቶውን አይቶ ተደሰተ፤ ዘወር ብሎም አየው።

"ተባረክ። ማን ልበል?"

ኮስቴሌክ ጡቡን አየ፤ ሻንጣውን አነሳ።

"ወደፊት ይገለጻል።"

ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ አቀፈው።