ሰባ ወይስ ሰባ አንድ

ውሃና መብራት ያልገባበት የአገራችን ከተማ ሞልቷል፤ ሞዴል አዋቂ የሌለበት ግን አንድም የለም። ሞዴል አዋቂ ማለት አዲስ ሰዓት ገዝተህ እጅህን ዘርግተህ ስታሳየው፣ ሰዓቱን ትቶ አንተን በሐዘኔታ እያየ፣ "ምነው አንድ ዓመት ብትታገስ ኖሮ!" የሚልህ ሰው ነው። ራዲዮ ግዛ፣ የልብስ ስፌት መኪና ግዛ፣ የገዛኸው ሁልጊዜ መገዛት ከነበረበት በአንድ ዓመት ይቀድማል። አለዚያም በአንድ ዓመት ይዘገያል። በትክክለኛው ዓመት የገዛ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ራሱ ሞዴል አዋቂው ነው።

የአሰላው ሊቀ ሞዴላት አቶ ወልደጻድቅ ነበሩ፤ እኛ ጋሽ ወልዴ የምንላቸው። ሥራቸው ወፍጮ ቤት ነው። የገጠሩን ስንዴ ሲፈጩ ስለሚውሉ ቅንድባቸው ላይ ዱቄት ያላየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሰው ስለ ኑሯቸው ሲጠይቃቸው ግን "ወፍጮ አለኝ" አይሉም። "የሰባ አንድ ሞዴል አለኝ" ነው የሚሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአብዮቱ በፊት አሰላ ውስጥ በልማት ሥራ የነበሩ ሁለት ስዊድኖች አገራቸው ሊገቡ ሲሉ መኪኖቻቸውን ለሽያጭ አወጡ። ሁለቱም ጣሊያን ሠራሽ፣ ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም ባለ ሁለት በር፣ ሁለቱም ዝቅ ብለው ለሩጫ የተሠሩ ናቸው። የአሰላ ሰው "ስፖርቶቹ" ይላቸው ነበር። አንዷ ሰባ ሞዴል ናት፤ ሌላዋ ሰባ አንድ። ሌላ ሰው ቢሆን ዋጋ ጠይቆ አንዷን ይነዳል። ጋሽ ወልዴ ግን ሲመርጡ አሥራ አራት ወር ፈጁ። ስዊድኖቹ በሳቸው ምክንያት የመመለሻ ቀናቸውን ሁለት ጊዜ አራዝመዋል፤ ኋላማ አንደኛው አማርኛ ሁሉ ለመደ።

የሰባዋ ማርሽ አራት ነው፤ የሰባ አንዷ አምስት። የሰባዋ ቀለል ስለምትል ዳገት ትወዳለች፤ የሰባ አንዷ ከበድ ስለምትል ኩርባ ላይ መሬት ትይዛለች። ጠዋት ሰባን መርጠው ከቤት ይወጣሉ፤ ማታ ሰባ አንድን መርጠው ይገባሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አልጣሽ፣ "እኔን ለማግባት እኮ የፈጀበት ሦስት ቀን ነው፤ ያውም አንዱ የገበያ ቀን ነበር" እያሉ ለጎረቤት ያወሩ ነበር።

በመጨረሻ ሰባ አንድን ገዙ። በማግስቱ ጎሚስታው ከዲሮ፣ ለሃያ ዓመት የከተማውን ጎማ ሲለጥፍ የኖረው ከዲሮ፣ ጥሪቱን አራግፎ የሰባዋን ገዛት። የሰላም ዘመን ያኔ አበቃ። በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጋሽ ወልዴ ዱቄታቸውን አራግፈው ወደ ጎሚስታው ይወርዳሉ።

"እንዴት ዋለች ያቺ ባለ አራት ማርሽ?" ይላሉ።

"ወላሂ አንተን ዳገት ላይ ጥላህ ነው የምትሄድ፣ ወልዴ!" ይላል ከዲሮ። ከዲሮ ያለ "ወላሂ" አፉን ከፍቶ አያውቅም።

"እህ! ኩርባው ጋ ስደርስ የት አለህ? ገደል ውስጥ! በሞዴል ቀልድ የለም!"

በሞዴል ቀልድ የለም፣ ይህ የሊቀ ሞዴላት ቃል ነው። ሮቤ ሠርግ ተጠርተው የሙሽራዋን መኪና ኮፈኖ አስከፍተው፣ "ይቺን ማን ነው ስልሳ ዘጠኝ ያላችሁ?" ሲሉ ሙሽራዋ ፀሐይ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆማለች። ሚዜው ቢለምናቸው መልሳቸው ያው ነው። በሞዴል ቀልድ የለም። አብዮቱ መጥቶ፣ ሰው ስብሰባ ላይ ለማሳል እንኳ ግራ ቀኝ በሚያይበት ጊዜ፣ የውይይት መሪው የግል አውቶሞቢል የቡርዣ ምልክት ነው ሲል ጋሽ ወልዴ እጃቸውን አወጡ።

"ጥያቄ አለኝ፣ ጓድ። ቡርዣዋ የትኛዋ ናት? የሰባዋ ከሆነች እኔም እስማማለሁ።"

ያን ቀን በሕይወት የወጣነው ከኋላ የተቀመጠው ከዲሮ ስድብ ስለጀመረ ነው። የውይይት መሪው ሁለቱን ሲያስታርቅ አጀንዳው ተረሳ።

አንድ ቁስል ግን ነበራቸው፤ ሊብሬያቸው። መኪናዋ በስማቸው ስትዞር ሊብሬውን የሞላው ጸሐፊ፣ ለአገሩ ተቆርቁሮ ይሁን ወይ ፈረንጅ ጠልቶ እንጃ፣ የሞዴሉን ዓመት ወደ እኛ አቆጣጠር መልሶ 1963 ብሎ ጻፈው። ሊያስተካክሉ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለሱ።

"ያው ነው እኮ ጋሼ፤ ሰባ አንድ በፈረንጅ፣ ስልሳ ሦስት በእኛ ነው" ይላቸዋል ጸሐፊው።

"ያው አይደለም! የመኪና ዕድሜ በእኛ ይቆጠራል እንዴ? እሷ መስከረምን ምን ታውቃለች?"

አልተስተካከለም። በዓለም ላይ የሚያፍሩበት ነገር ቢኖር ያቺ ወረቀት ነበረች፤ ፖሊስ ሊብሬ ሲጠይቃቸው ገና ሳይሰጡት ማስረዳት ይጀምራሉ።

በሶማሌ ጦርነት ሰሞን እኔ የቀበሌው ጸሐፊ ነበርኩ። ወድጄ አይደለም፤ እጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ነው የመረጡኝ። አንድ ቀን መመሪያ መጣ። በፈረንጅ ከ1970 ሞዴል ወዲህ ያሉ የግል አውቶሞቢሎች ለዘመቻው ማስተባበሪያ በውሰት ይሰጡ ይላል። በውሰት! በዚያ ዘመን የተዋሱን ዕቃ ሲመለስ ያየ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። አንብቤ ስጨርስ የጋሽ ወልዴ ሊብሬ ትዝ አለኝና ልቤ ዘለለ። በቀጥታ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሮጥኩ።

"ጋሽ ወልዴ፣ ተርፈዋል! ሊብሬዎ 1963 ይላል። እኔ እንዳለ እጽፈዋለሁ፤ የፈረንጅ መስሏቸው ያልፋሉ። ከእርስዎ የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው።"

"ምን?"

"ዝም ማለት።"

ፊታቸው ጠቆረ። "ስልሳ ሦስት ሲሉኝ ዝም ልበል? ገብሬ፣ የሰው ፊት እንዴት አያለሁ?"

ወይዘሮ አልጣሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። "ዛሬ ዝም ባትል ወፍጮውንም እኔንም አታገኝም! ማል!" አሏቸው። በሚካኤል ማሉ። ሲምሉ ጥርሱን የሚነቀል ሰው ይመስሉ ነበር።

በነጋታው የቀበሌው ግቢ ሞላ። ከበላይ የመጣው ጓድ ዲሪባ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ፤ እኔ ከጎኑ መዝገብ ይዤ። መጀመሪያ ከዲሮ ተጠራ። የሱ ሊብሬ ናዝሬት የወጣ ስለነበር በፈረንጅ 1970 ይላል። ቁልፉን ተቀበሉት። ከዲሮ ቁልፉ የነበረበትን ባዶ ቀለበት እያሻሸ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። እኔ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ቀጥለው ጋሽ ወልዴ ቀረቡ። "ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሦስት" ብዬ አነበብኩ። ዲሪባ መኪናዋን ባሻገር አይቶ ሳቀ።

"ይቺ አሮጊት ናት እንዴ! ሂድ ውሰዳት ሽማግሌው።" የአባቱን እኩያ አንተ ሲል አፉን አላደናቀፈውም።

ጋሽ ወልዴ ምራቃቸውን ዋጡ። ዝም አሉ።

"ቆርቆሮ! ዶሮ አሳድርባት" አለ ዲሪባ፤ ሰው ሲስቅለት ደስ አለው።

የጋሽ ወልዴ ጆሮ ቀላ። አሁንም ዝም። በልቤ ሚካኤልን አመሰገንኩ። ይህን ጊዜ ያ እርጉም ሰው ወደ ከዲሮ መኪና ዞሮ፣ "እዩ እስቲ ሞዴል ማለት እንደ ሰባዋ! ከዚህችኛዋ በምን ትገናኛለች?" አይልም መሰላችሁ!

"ሰባ አንድ ናት!"

ግቢው ደነገጠ። "ሰባ አንድ ናት! አምስት ማርሽ ናት! 1963 ያለው በእኛ አቆጣጠር ነው! ስድብም ልክ አለው!"

ወይዘሮ አልጣሽ ከሴቶቹ መሀል "ወይኔ ቤቴ!" ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ። ዲሪባ ግን እሳቸውን አላየም። ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

"በእኛ አቆጣጠር ነው?" አለኝ። "አንተ የተማርክ ነህ። ይህን አታውቅም? ወይስ አውቀህ ነው? ይሄ አሻጥር ነው።"

በዚያን ሰሞን አሻጥር የተባለ ሰው ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። ከሰፈራችን ሁለቱ በዚህ ቃል ሄደው አልተመለሱም። ፈራሁ፤ አልዋሽም። የጻፍኩት ስልሳ ሦስት ዓይኔ ሥር ይዋኛል። ቀና ስል ጋሽ ወልዴ እያዩኝ ነው። ምን እንዳደረጉኝ ያኔ ገባቸው። ደማቸው ከፊታቸው ሲወርድ አየሁት።

"ጓድ" አሉ። ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም። "ልጁ ትክክል ነው። ስልሳ ሦስት ናት፤ በፈረንጁ ስልሳ ሦስት።"

"አሁን ሰባ አንድ አላልክም?"

"ጉራዬን ነው። ስንት ዓመት ከተማውን ስዋሽ የኖርኩት።" ይህን ሲሉ መሬት መሬት ነው የሚያዩት። የአሰላ ሕዝብ በሙሉ ቆሞ ይሰማል።

ዲሪባ አላመነም። ግድግዳውን ወደተደገፈው ከዲሮ ጣቱን ቀሰረ። "አንተ ጎሚስታ! መኪና ታውቃለህ ይሉሃል። ምንድን ናት?"

አሁን አለቀልኝ አልኩ። የከዲሮን መኪና እኮ ከአሥር ደቂቃ በፊት የወሰድነው እኛ ነን፤ መዝገቡ ላይ ያለው የእኔ የሚያምር እጅ ጽሑፍ ነው። ለጋሽ ወልዴ መኪና መቅረት፣ ለኔ መዳን፣ ከዲሮ ምን ዕዳ አለበት? ባዶውን ቀለበት ኪሱ ከተተ። ቀስ ብሎ መጣ፣ የሰባ አንዷን ዞራት፣ በእግሩ ጎማዋን መታ መታ አደረገ።

"ስልሳ ሦስት ናት" አለ። "ድሮም ነግሬው ነበር፣ አልሰማ ብሎ እንጂ።" ወላሂ አላለም። በሕይወቱ ወላሂ ሳይል ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ዲሪባ ግን የሰፈራችን ሰው ስላልሆነ አላወቀበትም። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ ዲሪባም ሳቀና መዝገቡ ላይ ፈረመ።

ከዚያ በኋላ ከተማው ለጋሽ ወልዴ ስም አወጣላቸው፤ ስልሳ ሦስት። ወፍጮ ቤት እህል የሚያመጣው ሳይቀር፣ "ስልሳ ሦስት አሉ?" ይላል። በስልሳ ዘጠኝ ሞዴል ሠርግ ያቆሙ ሰውዬ አንገታቸውን ደፍተው ዱቄት ይጠርጋሉ። እውነቱን ብናገር የምታሰረው እኔ ስለሆንኩ አፌን ያዝኩ፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ስምንት ሰዓትም ሲሆን ወደ ጎሚስታው አይወርዱም። ምን ብለው ይውረዱ? የሚከራከሩባት መኪና የለችም።

በአራተኛው እሑድ የቤንዚን ኩፖናቸውን አጠራቅመው በመኪናዋ ደጄ ድረስ መጡ። "ግባ" አሉኝ። ከዲሮ ደጃፍ ቆምን። ጋሽ ወልዴ ወረዱና ቁልፉን ወረወሩለት።

"ንዳ።"

"ወላሂ፣ እኔ?"

"ዕድሜ ልክህን ሰባ ስትነዳ መኪና ነድተህ አታውቅም። ዛሬ ንዳ።"

ከዲሮ መሪውን ያዘ፤ በሳጉሬ መንገድ ወጣን። ገብሱ ግራ ቀኝ ቢጫ ሆኗል፤ የጭላሎ ተራራ ጉም ለብሷል። ከዲሮ ማርሽ ሲቀይር እጁ በጣም ያሳዝን ነበር፤ የሰው ሕፃን እንደሚያቅፍ ሰው ነው የሚነካት። ዳገቱ ላይ ስንደርስ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚናገር፣ "ወላሂ የሰባዋ እዚህ ጋ እንዲህ አታቃስትም ነበር" አለ።

እኔ ከኋላ ሆኜ ጋሽ ወልዴን ትከሻቸውን ነካሁ። ለዛሬ እንኳ እሺ ይበሉት፣ ሰውየው መኪናውን ያጣ ነው ማለቴ ነው። እጄን አሽቀንጥረው ጣሉት።

"ታቃስታለች? እሷ ናት የምታቃስት? አንተ አይደለህ እንዴ በአራት የምትወጣው! አምስት መቁጠር ያልተማርክ ጎሚስታ!"

ከዲሮ ፍሬኑን ረገጠው። መኪናዋ መንገዱ መሀል ቀጥ አለች። "እኔን ነው ጎሚስታ ያልከኝ? ወላሂ ውረድ! ኮፈኖዋን ክፈት! ይሄ ሞተር ነው? ይሄ የአንተ ወፍጮ ነው!"

"ወፍጮዬን አትንካ! የሰባዋ ሬሳ ናት!"

"ሬሳ? ወላሂ! ዳገት ላይ አቧራ ስታበላህ ሬሳ ነበረች?"

ሁለቱም ወረዱ። ኮፈኖው ተከፈተ። ከኋላችን ሁለት ጋሪ፣ ቀጥሎም ከገበያ የሚመለስ አንድ መንጋ በግ ቆመ። የጋሪው ሰዎች እንድገላግላቸው ለመኑኝ። ከዲሮ እጁን እያወናጨፈ ነው፤ ያ አራት እሑድ የጎበጠ ጀርባው ቀጥ ብሏል። ጋሽ ወልዴም ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ይጮሃሉ፤ ሰባ አንድ፣ ሰባ አንድ ይላሉ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማቸው። እኔ ከመኪናው አልወረድኩም። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ አምላኬን ማንኛቸውም እንዳያሸንፉ ለመንኩት።