ሱባኤ የገባችው ኮራል

ዝም ያለ ሰው አይተን ማለፍ የማይሆንልን ሕዝብ ነን። አንድ ሰው ጥግ ይዞ፣ ማንንም ሳይነካ፣ እስቲ ትንሽ ጊዜ ዝም ልበል ቢል መከራውን ያያል። «ምነው አኮረፍክ?» ይባላል። ምንም አልሆንኩም ካለማ በቃ፣ የሆነ ነገር መሆኑ ተረጋገጠ፤ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ለዘመድ ተደውሎ፣ ሁሉም ምክሩን ይዞ ይመጣበታል። እናንተ እንዲህ አታደርጉም ይሆናል። እኔ ግን አደርጋለሁ፤ በሰው ላይ ብቻ ቢሆን ደግሞ ባልከፋ።

በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ሳሎኔ ውስጥ የሞቀ ባሕር አለኝ። ባሕር ስላችሁ የመስታወት ገንዳ ማለቴ ነው፤ ጨዋማ ውሃ፣ ማሞቂያ፣ ውሃውን የሚያንቀሳቅስ ሞተር፣ ሁለት ዓሣ እና አንዲት ኮራል። ኮራል ሲባል ብዙ ሰው ድንጋይ ይመስለዋል፤ እንስሳ ናት። የእኔዋ ለስላሳ ከሚባሉት ወገን ስትሆን ቢጫ እንጉዳይ ትመስላለች፤ ደስ ሲላት አናቷ ላይ ያሉትን ቀጫጭን ጣቶች ዘርግታ ከውሃው ጋር ትወዛወዛለች። አዲስ አበባ የሸጠልኝ ሰው «አመለኛ ናት» ብሎኝ ነበር። አመለኛ ሲያንሳት ነው። ጨው በዛ ብላ ትኮራመታለች፤ መብራት ሄዶ ውሃው ቀዘቀዘ ብላ ትኮራመታለች። ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ለተማሪዎች ሙከራ ከመዘንኩት ይልቅ ለእሷ የመዘንኩት ጨው ይበልጣል።

እናቴ ትወዳት ነበር። ለሕክምና ከአንኮበር መጥታ እኔ ጋ ስትሰነብት፣ ጠዋት ከእኔ በፊት ሰላም የምትለው እሷን ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብዬ ወደ እኔ አመጣኋቸው። መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዜማ ያገለገሉ ሰው እኔ ቤት መስኮት ሥር ተቀምጠው ዝም አሉ። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው፣ ቫይታሚን ገዛሁ፣ ቴሌቪዥን ከፈትኩ፣ እንዲያጫውቷቸው የሰፈሩን ሽማግሌ ሁሉ ጠራሁ። እንግዳው ሲወጣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተመልሰው ወደ መስኮቱ ይዞራሉ።

በዚህ መሐል ኮራሏም ዘጋች። ጣቶቿን አስገብታ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ላይዋ ላይ የሚያብለጨልጭ ስስ ነገር ለብሳ፣ የተቀቀለ ድንች መሰለች። ውሃ ቀየርኩላት፤ ባሰባት። መብራቱን ዝቅ፣ ከዚያ ደግሞ ከፍ አደረግኩ። የተቀመጠችበትን ድንጋይ ዛሬ ወደ ግራ፣ ነገ ወደ ቀኝ አዞርኩ። በቀጭን እንጨት ነካ ነካ አደረግኋት። ለሸጠልኝ ሰው ብደውል «ቆዳዋን እየቀየረች ይሆናል» አለኝ፤ ደስ ሊለኝ ሲል «ወይም እየሞተች» ብሎ ጨመረበት። ከሞተች ውሃውን አበላሽታ ዓሦቹንም ይዛቸው ትሄዳለች። እኔን ያስጨነቀኝ ግን የዓሣው ነገር አልነበረም። እናቴ እንደ ሰው ሰላም ስትላት የኖረችውን፣ አባቴ እያዩ አውጥቼ ልጥላት ነው? ሁለተኛ ቀብር መሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጓንት አጥልቄ፣ ባልዲ ይዤ ቀረብኩ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ አባቴ። ሳልጠይቃቸው ከተናገሩ ሳምንት አልፏቸው ነበር።

«ሞታለች መሰለኝ፣ አባባ። ሳትሸት ላውጣት ብዬ ነው።»

ተነሥተው መጡ፤ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩዋት። «ሸተተች?»

«ገና ነው።»

«እንግዲያ ምኗን ነው የምታወጪው? ሱባኤ ገብታለች። ሱባኤ የገባ ሰው በሩ አይንኳኳም። ተያት።»

ሱባኤ መቼም ታውቃላችሁ፤ ሰው በሩን ዘግቶ ሰባት ቀን ከፈጣሪው ጋር ብቻውን የሚሆንበት ነው። ለኮራል ይሠራል ወይ ብዬ አልተከራከርኩም፤ መናገራቸው አስደስቶኝ ባልዲውን መለስኩ።

አባቴም ወንበራቸውን ከመስኮቱ ወደ ገንዳው አዙረው ዘበኛ ሆኑላት። ገና ጓንቱን ሳነሣ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ። ሰባተኛው ቀን አለፈ፤ ምንም የለም። «አባባ፣ ሰባት ቀን ሞላ እኮ» አልኩ። «ሁለት ሱባኤ ይዛ ይሆናል» አሉ፣ ፊታቸው ሳይለወጥ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ድምፃቸውን ከበር ሰማሁ፤ እንግዳ የመጣ መስሎኝ ቆምኩ። የሚያወሩት ለኮራሏ ነው። እናቴ በመጨረሻዋ ጠዋት ፀሐይ ላይ አውጣኝ ብላቸው፣ ብርድ ነው ብለው እንዳስቀሯት ይነግሯታል። ለእኔ ነግረውኝ አያውቁም። እንባዬ መጣ፤ ሳልገባ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ያ ስስ ነገር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠ፤ በማግስቱ ጣቶቿ አንድ በአንድ ወጡ፣ ከበፊቱም ቢጫ ሆነው። ቀድመው ያዩት አባቴ ናቸው። «እንኳን አደረሰሽ» አሏት።

«እርስዎስ አባባ፣ ስንት ቀን ቀረዎት?» አልኩ። ግማሹ ቀልድ ነበር።

«እኔ?» አሉ። «እኔማ ገና መች ጀመርኩ፣ ልጄ? ልገባ ባሰብኩ ቁጥር እንግዳ ታመጪብኛለሽ።»

የዚያን ዕለት ሊመጡ የነበሩትን ሽማግሌዎች ደውዬ አስቀረሁ። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ። አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ፤ እኔም ተውኳቸው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ። ከዚያ ቀስ ብዬ አጠገባቸው ደረስኩና «አባባ፣ በረደዎት?» አልኳቸው።