ለውሃ የተሰጠች አህያ

እኔ ልሙት፣ አሁን የማወጋችሁ ሁሉ ቃል በቃል እውነት ነው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ እኔን ማመን የሚከብዳቸው ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ የከተማችን ሙቀት ማንጎውን ዛፉ ላይ እንዳለ ማርማላታ ያደርገዋል ስላልኩ ብቻ! ከጣርማ በር ቁልቁል የወረደ ጉም እዚህ ሲደርስ ኮቱን አውልቆ ትከሻው ላይ ጣል ሲያደርግ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ይሁን። ናፍቆት ግን ላጋንነው ብል እንኳ የማልችለው ነገር ነው፤ ምንም ብላችሁ ብትጠሩት ያንሰዋል።

ማንጎ ሻጯን እትዬ ዘሃራን ብታውቋቸው ይገባችሁ ነበር። ልጃቸው ሰዒድ በበረሃ አቋርጦ ባሕር ሊሻገር ወጥቶ በዚያው ቀረ። አብሮት ሄዶ የተመለሰው ጓደኛው እንዳለው፣ እዚያ ማዶ ስደተኛ የሚያጉር አንድ የታጣቂዎች አዛዥ ሰዒድን ከሌሎቹ ለይቶ በጭነት መኪና ወሰደው። ወዴት? ይህን የሚያውቀው አዛዡ ብቻ ነው።

ታዲያ በቀደም ይኸው አዛዥ ተይዞ፣ አገሩ ለዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት አሳልፎ እንደሰጠው ሬዲዮ ተናገረ። እትዬ ዘሃራ ማንጎውን ጥለው ወደ ጠበቃው መስፍን ሮጡ። እኔም ተከተልኩ፤ ወሬ ያለ እኔ የት ይሄዳል?

መስፍን አንገቱን ደፋ። "እትዬ፣ ሰውዬው የተሰጠው አገሩ ውስጥ አንድ መንደር በማስጨፍጨፉ ነው። ፍርድ ቤቱ ሊከሰው የሚችለው በተሰጠበት ጉዳይ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በሠራው በሌላ በሌላው አይነኩትም።"

"እንዴት አይነኩትም? እጃቸው ገብቶ የለም እንዴ?"

ምላሴን መያዝ አቃተኝ። "እትዬ ዘሃራ፣ የከድርን ነገር ረሱት?" አልኳቸው። ጎረቤታቸው ከድር ለውሃ ብሎ ከእሳቸው በተዋሳት አህያ ሽንኩርት ጭኖ ቢያገኙት፣ "በአማና የሰጠሁህ ለውሃ ነው!" ብለው ሽንኩርቱን ገበያ መሃል ዘርግፈው፣ አህያቸውን ነድተው የሄዱ ሴት ናቸው። ያን ቀን ሽንኩርቱ ሽቅብ አሊዩ አምባ ድረስ ተንከባለለ።

"ይኼም ሰውዬ ለአንድ ጉዳይ ብቻ በአማና ነው የተሰጠው" አልኳቸው።

እትዬ ዘሃራ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ። አማናን እሳቸው ያፍርሱ?

ወዲያው ግን ቀና አሉ። "አንተ ቀባጣሪ! ከድር መጥቶ 'ሽንኩርትም ልጫንባት' ብሎ ቢያስፈቅደኝ እምቢ እል ነበር?"

"እሱም አለ፣ እትዬ" አለ መስፍን። "ፍርድ ቤቱ የሰጠውን አገር ማስፈቀድ ይችላል። ይጠይቁ አይጠይቁ ግን በእኛ እጅ አይደለም።"

"ልጄ፣ እኔ መች ይከሰስልኝ አልኩ? ወላሂ፣ አውፍ ብዬ ይቅር እለዋለሁ። ሰዒዴን የት እንዳወረደው ብቻ አንድ ሰው ይጠይቅልኝ። ይህንንም ሕጉ ይከለክላል?"

"አይከለክልም" አለ መስፍን፣ ቀስ ብሎ። "እንዲመልስ ግን አያስገድደውም።"

እትዬ ዘሃራም ሻሻቸውን አስተካክለው፣ "እንግዲያው ዱዓ ነው" ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ከኪሴ ጨምሬአለሁ። በእውነቱ ቤታቸው አልገቡም። መንገድ ዳር ማንጎአቸው ፊት ተቀምጠው፣ ከካራቆሬ የሚመጣ ሚኒባስ በቆመ ቁጥር የሚወርደውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰው ያያሉ። ረዳቶቹም ለምደዋቸው በሩን ቶሎ አይዘጉም።