የምስጋናው አውጫጭኝ

በየመሥሪያ ቤቱ ሳይለካ የማይነካ አንድ ሰው አይጠፋም። አመመኝ ስትሉት «ከመቼ ጀምሮ? በቀን ስንቴ?» ይላል እንጂ «እግዜር ይማርህ» አይልም። ቤቴ ተቃጠለ ብትሉት እሳቱ ከየትኛው ማዕዘን እንደተነሣ ሳያጣራ ውኃ አያቀብላችሁም።

ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ኮሌጅ መዝገብ ቤት ውስጥ ይህ ሰው ምስጋናው ይባላል። የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ባልደረቦቹ ግን «መጋቤ ልኬት» ይሉታል፤ ማዕረጉን ያወጣችለት አለቃው እስከዳር ናት። እስከዳር ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ያገለገለች፣ ተማሪ ደጇ ላይ ቆሞ ማየት የማይሆንላት ሴት ናት። ለእሷ ሥራ ማለት ወረፋው ሲያልቅ ነው። ለምስጋናው ወረፋው ለምን እንደረዘመ ሲታወቅ ነው። እንግዲህ እነዚህን ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ ያስቀመጠውን ሰው እግዜር ይይለት።

የኮሌጁ መዝገብ ሁሉ የተቀመጠበት ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ በተንቀራፈፈ ቁጥር ምስጋናው ማውዙን ገፋ አድርጎ ጥቁሩን መስኮት ይከፍታል። ሥዕል የለ፣ ጠቅ የሚያደርጉት ነገር የለ፤ ትእዛዝ በፊደል ብቻ ነው። አንድ መስመር ይጽፋል፤ ፕሮፋይለር የሚሉት መዝጋቢ ሥራውን ይጀምራል። መዝጋቢው ሰርቨሩ ላይ ያለውን ፕሮግራም ሁሉ፣ ትልቅ ትንሽ ሳይል፣ በየሰከንዱ ደጋግሞ እየዞረ «አሁን የሚሠራው ማነው?» ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛ መስመር ሲጻፍለት ይቆማል። በሦስተኛው፣ የማሽኑን ጊዜ ማን ስንት እጅ እንደበላ ዘርዝሮ ያወጣል።

ምስጋናው ይህን «አውጫጭኝ» ነው የሚለው። ድሮ ከብት ሲሰረቅ አገሬው ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀመጥና ሌባው እስኪወጣ ድረስ ማንም ቤቱ አይገባም ነበር፤ እንደዚያ ማለቱ ነው። የተጠረጠረውን ብቻ መመርመር ለእሱ ፍርድ አይደለም፤ ሁሉም መቀመጥ አለበት። ስለዚህ እሱ ሲለካ ማንም የከፈተውን ፕሮግራም መዝጋት አይችልም። የዘጋ ሰው ከሜዳው እንዳመለጠ ይቆጠራል።

አንድ ቀን ማተሚያው እምቢ አለ። ምስጋናው አርባ ደቂቃ ሙሉ አውጫጭኝ ተቀመጠ። በመሀል የጽዳት ሠራተኛዋ ጤናዬ መጥረጊያዋን ይዛ ገባች፣ ገመዱ ከሶኬቱ መውለቁን አየች፣ ሰካችውና ወጣች። ማተሚያው ሠራ። ሌላ ሰው ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እሱ ግን ቢያንስ ሰርቨሩ ንጹሕ መሆኑ ተረጋግጧል ብሎ ዝርዝሩን በጥንቃቄ ፋይል አደረገ።

ልኬቱ መሥሪያ ቤት ብቻ ቢቀር ደግ ነበር። ከመነኻሪያ እስከ ኮሌጁ በር በሦስት መንገድ በባጃጅ እየተመላለሰ ሁለት ሳምንት ሰዓት ያዘና በእግር መሄድ እንደሚሻል ደረሰበት፤ የባጃጅ ሹፌሮቹ እስካሁን ቂም ይዘውበታል። የዕድር ስብሰባ ላይ ማን ስንት ደቂቃ እንደተናገረ ጽፎ ጮክ ብሎ ሲያነብ ደግሞ ግማሹን ሰዓት የወሰዱት ሊቀመንበሩ ራሳቸው ሆነው ተገኙ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ሲጠራ ለምስጋናው የሚነግረው የለም።

እስከዳር ይህን ስትሰማ እንባዋ እስኪመጣ ትስቅ ነበር። ምስጋናውን አትጠላውም። ዓይናቸው የደከመ እናቱን፣ እማማ ወለተ ሐዋርያትን፣ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አድርሶ እንደሚመጣ ታውቃለች። በስምንት ዓመት ውስጥ ለራሱ የለመናት አንድ ነገር ብቻ ነው። ኮሌጁ ጉንደ ወይን ላይ ቅርንጫፍ ሊከፍት፣ ከመዝገብ ቤትም አንድ ባለሙያ ሊወስድ ነው ሲባል መጣና እኔን ባይሆን አላት። እናቱ ደጀ ሰላሙን በእግራቸው ለምደውታል፤ እሱ ባይኖር እንኳ ግድግዳውን እየዳበሱ ይደርሳሉ። ሌላ አገር ግን ዕውር ይሆናሉ። እስከዳርም እኔ እያለሁ ማን ይነካሃል ብላ ሸኘችው።

ከዚያ ያ የሰኔ ማክሰኞ መጣ። ተመራቂዎች ማስረጃቸውን የሚወስዱበት ቀን ነበር፤ ከአማኑኤልም ከደምበጫም ሌሊት ተነሥተው የመጡ አሉ። ሰርቨሩ ከጠዋት ጀምሮ ተንፏቀቀ። ወረፋው ከኮሪደሩ አልፎ ዝናብ ላይ ወጣ። ምስጋናው ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ይስጡኝ፣ ማንም ምንም አይዝጋ፣ እርስዎም ጭምር አላት እስከዳርን።

ሩብ ሰዓት ያህል ታገሠች። ከዚያ የኮሌጁ ዲን ደውለው ሰው በዝናብ እየበሰበሰ ምን እየሠራችሁ ነው አሏት። እስከዳር ብድግ አለች።

«አጥፍተህ አስነሣው።»

«አሁን ካጠፋነው ሌባውም ከሰው ጋር ይበተናል፤ ትንሽ ይታገሡኝ» አላት።

«ሰው ዝናብ ላይ ቆሞ አንተ ትለካለህ?»

ራሷ ሄዳ ሰርቨሩን አጠፋችው። በአውጫጭኝ ወግ ዳኛ ቀድሞ አይነሣም፤ አቋርጦ የሄደ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። አለቃን ግን ማን ይጠረጥራል? ምስጋናው ጥቁሩን መስኮት ዘጋው።

ሰርቨሩ ተነሥቶ አንድ ሰዓት ሮጠና ተመልሶ ተኛ። ማታ አርባ ተመራቂ ነገ ኑ ተባለ። ዲኑ ምክንያቱን ሲጠይቋት እስከዳር ሁሉም በልቡ ያለውን ተናገረች፤ የምስጋናው መለኪያ ነው ማሽኑን የከበደው። ሳትለካ፣ ሳታይ። ንዴቷ ሳይበርድ የዓመቱ የሥራ ምዘና ቅጽ መጣና «ሥራ ያጓትታል» ብላ ጻፈችበት። እሱን ማስወጣት አሳቧ አልነበረም፤ ለቁጣዋ ያህል ነው። የጉንደ ወይኑ ምደባ ሲወጣ ግን ዝቅተኛ ነጥብ ያለው ተመረጠ። ምስጋናው አልተከራከረም። እናቱን ከፊት ወንበር አስቀምጦ ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ሄደ።

መስከረም ጠባ፤ ሰርቨሩ እንደተኛ ነው። አሁን የሚያመካኙበት መጋቤ ልኬት የለም። እስከዳር አንድ ቀን ከሰርቨሩ ጎን የተለጠፈች ወረቀት አየች፤ በምስጋናው ቁም ጽሕፈት ሦስት ትእዛዝ ተጽፎባታል፤ ማስጀመሪያ፣ ማቆሚያ፣ ዝርዝር ማውጫ። ማንም ምንም እንዳይዘጋ አዘዘችና በአንድ ጣቷ ፊደል በፊደል እየለቀመች የመጀመሪያውን ጻፈች። ግማሽ ሰዓት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። በሕይወቷ እንደዚያ ያለ ረጅም ግማሽ ሰዓት አታውቅም።

ዝርዝሩ ወጣ። ከመቶ ስድሳ አንዱን እጅ የበላው የእሷ ነው፤ ስንት ተማሪ እንደተስተናገደ ዲኑ እንዲያዩት ብላ ግድግዳ ላይ በስክሪን ያሰቀለችው፣ በየሁለት ሰከንዱ መዝገቡን ሁሉ ከሀ እስከ ፐ እየቆጠረ የሚታደስ ቁጥር። መዝጋቢው ራሱ ከታች ተቀምጧል፤ ከመቶ አንድ እጅ። እዚያው ፋይል ውስጥ ሌላ ዝርዝር ነበር፤ ለዚያ ለሰኔው ማክሰኞ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው የተጻፈ። ከላይ ያለው ስም ያው የእሷ ነው። ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ቁጥሩን ከግድግዳው አወረደችው፤ ሰርቨሩ በዚያው ቅጽበት ነፍስ ዘራ። ለዲኑ እውነቱን ነግራ ምስጋናው እንዲመለስ ብትለምን ቦታው በሌላ ሰው ተይዟል አሏት። ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍራ ጉንደ ወይን ወረደች።

ምስጋናው ከበር ተቀበላት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያፈናቀልኩህ እኔ ነኝ አለችው። አንገቱን ነቀነቀ እንጂ አልፈረደባትም።

«ታውቅ ከነበረ ለምን አልነገርከኝም?»

«የዕድሩን ሊቀመንበር በሰው ፊት አሳፍሬ ምን አተረፍኩ? እርስዎ ግን በገዛ ዓይንዎ ቢያዩት፣ ቀስ ብለው ያወርዱታል፣ ማንም ሳይሰማ ያልቃል ብዬ ነበር» አላት።

እማማ ወለተ ሐዋርያት ከውስጥ ሆነው የሰንበት ዋዜማ ነው፣ ማን ያደርሰኛል ሲሉ እስከዳር እኔ ላድርስዎት ብላ ክንዳቸውን ያዘች። ለዓይናማ አሥር ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ነው። እሳቸው ግን ድንጋዩን ሁሉ በበትራቸው እየነኩ፣ እየቆሙ፣ «ይኼ ደጅ አልለምድ አለኝ» እያሉ አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። እስከዳር አንዴም ቶሎ ይበሉ አላለችም።

ቅጥሩ ጋ ሲደርሱ ማን እንደሆነች ጠየቋት። የምስጋናው የቀድሞ አለቃ እንደሆነች ነገረቻቸው፤ ቀጥላ ጥፋቷን ልትናገር አፏን ስትከፍት አሮጊቷ እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አንቺ ነሽ እንዴ ልጄ? ከዚያ ሁሉ ሰው አብልጣ መርጣ ሾመችኝ ያለኝ። በይ፣ ልጄን እንዳከበርሽው ልጅሽ ያክብርሽ።»

ሳይለካ ቃል የማይወጣው ሰው ለእናቱ የነገራቸው ይህን ነው። ምርቃት ያለ አሜን አይታለፍምና እስከዳር አሜን አለች፤ እያለቀሰች መሆኗን እማማ ወለተ ሐዋርያት አላዩም።