ክዳን ገላጯ

የሰው ቤት ሲገባ መቀመጫ ሳይሆን ድስት የሚፈልግ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ይህን ያወቅሁት ቤት ስቀያይር ነው። አከራይ ይለወጣል፣ ጎረቤት ይለወጣል፣ ክዳን ገላጭ ግን የትም ብትሄዱ ቀድማችሁ ደርሳ ትጠብቃችኋለች። «እኛ ሰፈር እንኳን የለችም» የምትል ሴት ካለች ራሷን ትመርምር። ምናልባት እሷው ናት።

የእኔዋ የሚኖሩት ከግድግዳዬ ወዲያ ነው። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል፤ ስለዚህ ለእሳቸው የቀረው ዘመድ የእኔ ድስት ነው። ኩሽናችን አንድ ነው። በአንዱ ጥግ የእኔ ምድጃ አለ፣ በሌላው የእሳቸው፣ መሃል ላይ ደግሞ ማንንም ከማንም የማይለይ መጋረጃ። በሆዴ «ክብርት ክዳን ገላጭ» እላቸዋለሁ። በአፌ ግን «እትዬ» ነው የምላቸው፤ በእናቴ ዕድሜ ናቸውና።

ክብርትነታቸው ሲገቡ «እኔ ምን አገባኝ» ይላሉ። ይህን ካሉ ድስታችሁን አደራ። ሌባ እንኳ ሲመጣ ይህን ያህል አያስጠነቅቅም። ከዚያ የሻርፓቸውን ጫፍ በእጃቸው ጠቅልለው ክዳኑን ያነሳሉ፣ ፊታቸውን እንፋሎቱ ውስጥ ይነክራሉ፣ በማንኪያ ጨለፍ አድርገው መዳፋቸው ላይ ጠብ ያደርጋሉ፣ ይልሳሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኔ ፍርድ እንደሚነበብለት ተከሳሽ ጭልፋዬን ይዤ እቆማለሁ። ፍርዱ አምናም ዘንድሮም ያው ነው።

«ጨው ይቀረዋል።»

ይግባኝ የለውም። አንድ ቀን ተናድጄ ጨዉን በእፍኝ ዘግኜ ጨመርኩበት። እኔ ራሴ ስቀምሰው ምላሴ ተኮማተረ። እሳቸው ቀመሱት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ብዙ አሰቡ። «በዝቷል» አሉ፣ «ግን ይቀረዋል።» እዚህ ላይ ምን ይባላል? ሩዜም ቢሆን ከእሳቸው ጎረቤት ከሆንኩ ወዲህ በወጉ በስሎ አያውቅም፤ በተዳፈነ ቁጥር እየከፈቱ እንፋሎቱን ያስወጡታል።

ለቅሶ ቤት እንኳ አይታረሙም። የሰፈራችን ጫማ ሰፊ ወንድም የሞተ ጊዜ አብረን ሄድን። እኔ ጎንበስ ብዬ ሳዝን እትዬ ከጎኔ ጠፉ። የት ሄዱ ብዬ ብፈልግ ጓሮ ከትልቁ ድስት ፊት ቆመው የሟቹን እህት ያስለቅሷታል። «እኔ ምን አገባኝ፣ ግን ነፍሱን ይማረውና እሱ እንዲህ የላሸቀ ሩዝ ይወድ ነበር?» ሲሏት ሰማሁ። ልጅቷ ከቀብሩ ይልቅ በዚያ አብልጣ አለቀሰች።

ባለቤቴ ታሞ ሆስፒታል የተኛ ጊዜም ሊጠይቁት መጡ። እሱን በአንድ ቃል ሰላም ብለው አጠገቡ ወዳለው አልጋ ዞሩ። የማያውቁትን ሰውዬ የምሳ ዕቃ ከፈቱ።

«ይሄን የላከችልህ ሚስትህ ናት?»

«ኧረ አማቴ ናቸው» አለ ሰውዬው ደንግጦ።

«ገምቼ ነበር» ብለው ከደኑት።

ባለቤቴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። በዚያ ሆስፒታል የሳቀው ያን ቀን ብቻ ነው። ማታውኑ ሐኪሙ ጠርቶኝ ልቡ መድከሙን ነገረኝ። እግሩ የሚያብጠውም፣ ትንፋሹ የሚያጥረውም ከዚያ ነው። መድኃኒቱን ከጻፈ በኋላ ቀና ብሎ አየኝና «ከእንግዲህ ለእሱ ጨው ማለት መርዝ ማለት ነው» አለኝ።

ባለቤቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ዕድሜውን በመንገድ ዳር ምግብ ቤቶች የበላ፣ ሳይቀምስ ጨው የሚነሰንስ ሰው ነው። የእሱን ምግብ በትንሽ ድስት ለብቻ ማብሰል ጀመርኩ። ምስሩም፣ ድንቹም፣ ጎመኑም ያለ ጨው። መጀመሪያ ቀን ሁለቴ ጎረሰና አየኝ።

«ይሄ ሾርባ ነው ወይስ የዕቃ እጣቢ?»

«ሐኪሙ ያለውን ሰምተሃል።»

«ሐኪሙ በመድኃኒት እንጂ በረሃብ ግደይው አላለሽም።»

ሳህኑን ገፋው። በማግስቱም ገፋው። ሱሪው ከወገቡ ይወርድ ጀመር፤ ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ አወጣሁ፣ ቆይቼ ከዚያ ወዲህ ሌላ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ብዙ የማውቀው ነገር የለም። ግን ድስት ፊት የቆመ ሰው ማሰቡ አይቀርም። ምግብ ማለት ስትሠሪው ውለሽ በአንድ አፍታ የሚጠፋ ነገር ነው፤ የሚያስደስተውም መጥፋቱ ነው። የማይጠፋ ምግብን የመሰለ የሚያሳዝን ነገር የለም። ቀኑን ሙሉ ልብስ ንጽሕና ቤት የሰው አንሶላ ስተኩስ እውልና መጥቼ አበስላለሁ፤ ያበሰልኩትን ሲመልስልኝ እደፋለሁ። ለራሴ ዳቦ በሻይ ነክሬ እተኛለሁ። ለመብላትም ጉልበት ይፈልጋል።

ክብርትነታቸው በዚህ ሁሉ መሃል ሥራቸውን አላቋረጡም። ያቺን ትንሽ ድስት ደረሱባት። ክዳኑ ተነሳ፣ መዳፍ ተላሰ፣ ዓይን ተጨፈነ። ከዚያ የሰፈር ዕድር የሚጠሩ ይመስል ጮኹ።

«ጨው ይቀረዋል! ኧረ ምንም የለው!»

«እትዬ፣ በፈጠረዎት! ሐኪም ከልክሎታል!»

«ሐኪሙ ያበስላል እንዴ? ዞር በይ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ!»

እጄ ላይ ሊጥ ነበር። ታጥቤ እስክዞር የጨው ጣሳቸውን በማንኪያ ቋ! ቋ! ሲያደርጉት ሰማሁ። የባለቤቴ አልጋ ከኩሽናው ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ነው፤ እሱም ሰምቷል። ያን ቀን ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ በላ።

ደስታና ድንጋጤ አንድ ላይ ሲመጡ ሰው የትኛውን ማስተናገድ እንዳለበት አያውቅም። በማግስቱም እትዬ ጮኹ፣ ጣሳው ተንኳኳ፣ እሱም በላ። ከዚያ በኋላ ግን ሲበላ አጠገቡ መቆም አቃተኝ። እያንዳንዱ ጉርሻ ወደ ልቡ ሲወርድ የማየው መሰለኝ። እንግዲህ ልደፋው ነው ብዬ ቆረጥኩና ከመድፋቴ በፊት በማንኪያ ጫፍ ቀመስኩ።

ደግሜ ቀመስኩ። ቅንጣት ጨው የለውም። ሎሚ አለው፣ በደንብ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት አለው፣ ጠቆር እስኪል የጠበሱት ቀይ ሽንኩርትም አለው። ጨው ግን የለውም።

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። «እትዬ! ጨው እኮ አልጨመሩበትም!»

ዘለው አፌን ያዙኝ። «ቀስ በይ! ይሰማል!» በሹክሹክታ ሲናገሩ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማኋቸው። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላቸውም አላውቅም ነበር። ጣሳውን ገልብጠው አሳዩኝ፤ ባዶ ነው።

«የኔውን ሰውዬ በምን ይዤ ያቆየሁት መሰለሽ? የእሱም ልቡ ነበር። ወንድ ልጅ በምላሱ የሚበላ ይመስልሻል? በጆሮው ነው የሚበላው። ጨው ሲጨመር ከሰማ ይጣፍጠዋል።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ፊትሽ ላይ ያነበዋል። አንቺ እኮ መዋሸት የማትችይ ፍጥረት ነሽ፤ ምስኪን።» ከዚያ ድስቴን ከፍተው አሸተቱና አክለው፣ «ማብሰልም እንደዚያው» አሉኝ።

እንዲህ ስንኖር፣ ከሥራ ባረፍኩበት ቀን፣ ያበጠ እግሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በቅባት አሸዋለሁ። ጣሪያ ጣሪያ እያየ ድንገት ጠየቀኝ።

«እትዬ ጨው ሲጨምሩ ትሰሚያለሽ አይደል?»

ቅባቱን ወደ ቁርጭምጭሚቱ አወረድኩት።

«ትሰሚያለሽ። መጀመሪያ ቀን ጮህሽባቸው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ዝም ነው።»

ማሸቴን ቀጠልኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

«አልከፋኝም» አለ። «ደክሞሻል። እኔም ብሆን ይደክመኝ ነበር። ከምትሰቃዪ እንደፈለገው ይሁን ብለሽ ተውሽኝ። ደግ አደረግሽ። ቢያንስ አፌን አጣፍጠሽ ነው የምትሸኚኝ።»

እግሩን ቀስ ብዬ አልጋው ላይ መለስኩና ድስቱን ላየው ብዬ ወጣሁ። እውነቱን ብነግረው ከነገ ጀምሮ አይበላም። ባልነግረው ሚስቴ ጨው እያበላች ሸኘችኝ ብሎ ይሞታል። ከሁለቱ የቱ ይሻላል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢመጣ ጭልፋውን አስረክቤው ከቤት እወጣ ነበር።

ኩሽና እትዬ ክዳኔን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሁሉንም ሰምተዋል። እንፋሎቱ ፊታቸው ላይ እየወጣ ድስቱን አያዩትም፣ እኔን ነው የሚያዩት። ከዚያ ክዳኑን ምድጃው ላይ ጓ! አድርገው ጣሉት።

«አንቺ ልጅ! ዛሬ ደግሞ ጣሳዬን የት ደበቅሽው?»

ጣሳው በብብታቸው ነው። ግራ ገባኝ።

«ትናንት እጄን ይዘሽ ልትሰብሪኝ ነበር! ዛሬ ደበቅሽው! በየቀኑ አፌን አፍነሽ፣ ጨዌን ቀምተሽ፣ ምነው እኔ ሌባ ነኝ?» በክርናቸው ጎኔን ወጉኝና በሹክሹክታ፣ «ተናገሪ እንጂ፣ ደንቆሮ!» አሉኝ።

እኔ መጮህ የለመድኩ ሰው አይደለሁም። የሥራ አለቃዬ ሌላ ሰው ያቃጠለውን ሸሚዝ በእኔ ሲያላክክ እንኳ አንገቴን ደፍቼ ነው የሰማሁት። አፌን ስከፍት ምን እንደሚወጣ አላውቅም ነበር።

«አላስነካዎትም!» አልኩ። «ድስቴን አይንኩብኝ! ስንቴ ልለምንዎት? ይገድሉብኛል! ባሌን ይተዉልኝ፣ ሌላ ማንም የለኝም!»

የመጨረሻውን ማንም አላስጠናኝም። እትዬ ለአፍታ ደነገጡ፤ ከዚያ በጣሳው ግድግዳውን መቱና፣ «እኔ ምን አገባኝ! ቀምሼ ነው የምሄደው!» ብለው አቀለጡት።

ከወዲያ በኩል አልጋው ሲጥ ሲል ተሰማ። ከዚያ የባለቤቴ ድምፅ መጣ፣ ሳቅ ሳቅ እያለው። «ኧረ ተይ አንቺ ሴት፣ ከትልቅ ሰው ጋር አትጣይ! ነውር ነው!»

ያን ቀን ምስሩን በላ። ሲበላም ከላይ እስከ ታች ያየኝ ነበር፣ ያኔ አውቶቡሱን የሚያሳድርበት ጋራዥ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየኝ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እንጣላለን። ተከራዮቹ ተነጋግረው ሊያስታርቁን ሽማግሌ ላኩብን፤ ከመጡት አንዱ፣ ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን፣ «ምነው ለአንድ ቁንጥጫ ጨው?» ብሎ ገሠጸን። ሁለታችንም ጣሪያ እያየን ሰማነው። እትዬ በየዕለቱ አዲስ ስድብ ያመጣሉ፤ እኔም እየለመድኩ ነው። አንዳንድ ቀን የምሬን ነው የምጮኸው፤ በሐኪሙ፣ በአለቃዬ፣ በዚያ ባበጠ እግር ላይ ነው የምጮኸው። እሳቸው ያውቁታል። እንደዚያ ባለ ቀን መልስ አይሰጡኝም፤ ጮኼ እስክጨርስ ይጠብቁኛል።

እንግዲህ ዳነ ብዬ አልዋሻችሁም። ባለፈው ቀጠሮ ሐኪሙ ወረቀቱን አየና፣ «መልካም፣ በዚሁ ቀጥሉ» አለ፤ ሲናገር ግን ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሳም። እንዲህ ያለውን መልካም አውቀዋለሁ። አሁን አሁን ጠብ ሰምቶም ግማሹን ይመልሳል።

ትናንትም መለሰ። ሳህኑን ይዤ ልደፋ ስል እትዬ መንገድ ዘጉብኝ።

«አንቺስ የበላሽው መቼ ነው?»

«በልቻለሁ።»

«ዳቦና ሻይ መብል ነው? አፍንጫሽ እኮ ሾለ።» ማንኪያ አምጥተው እጄ ላይ አደረጉ። «ብይ።»

«አልራበኝም፣ እትዬ።»

«ራበሽ አላልኩም። ብይ ነው ያልኩሽ።»

ቆሜ በላሁ። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ መድኃኒት እንደሚያስውጥ ሰው፣ የመጨረሻዋ ጎመን እስክታልቅ ቆመው ጠበቁኝ። ስጨርስ ሳህኑን ከእጄ ነጥቀው ራሳቸው አጠቡት። በደንብ አላጠቡትም፤ ዳር ዳሩ ላይ ምስር ቀርቷል። እስኪወጡ ጠብቄ ደግሜ አጠብኩት።