ደግፌ «ማንም» ነው እንዴ?

ይሉኝታ ያለው ሰው ስልክ መያዝ የለበትም! ሕግ የማውጣት ሥልጣን ቢሰጠኝ የመጀመሪያው ሕጌ ይኸው ነበር። ለሕፃን ቢላ አይሰጥም አይደል? ለይሉኝተኛም ስልክ አይሰጥም። ሲም ካርድ ልታወጡ ስትሄዱ፣ መታወቂያችሁ ከመታየቱ በፊት፣ «እስቲ ‹አላወቅኩህም› በሉ» ተብላችሁ ትፈተናላችሁ። በአንድ ትንፋሽ ካላችሁ ሲሙን ውሰዱ። «እ... ማለቴ... ድምፅህን እንኳ የማውቀው ይመስለኛል...» ካላችሁ ግን በሰላም ወደ ቤታችሁ!

እኔ ፈተናውን እንደምወድቅ አትጠራጠሩ። «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ቡታጅራን አልፌ እንሴኖ ከተማ ድረስ በሚኒባስ የተወሰድኩ ሰው ነኝ። እንሴኖ ስደርስም ረዳቱ እንዳይታዘበኝ፣ አስቤበት የመጣሁ መስዬ ሽንኩርት ገዝቼ ተመለስኩ።

ታኅሣሥ ሲገባ ቡታጅራ ውስጥ ሁለት ነገር ይወደዳል፤ ዶሮና ሰው። ዶሮው በገበያ፣ ሰው በሌባ! ቅቤው በኮባ ቅጠል አምሮ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ስትፈቱት ውስጡ ሙዝ። በርበሬው «የማረቆ ነው፣ ከቆሼ ገበያ ዛሬ የገባ» ይባልላችኋል፤ ግማሹ የተፈጨ ጡብ። በጉ ጨው ልሶ፣ ውሃ ተግቶ፣ ሆዱ ተነፍቶ ይሸጥላችኋል፤ ቤት ሲደርስ አንድ ጊዜ ሸንቶ ግማሽ በግ ይሆናል። ስልካችሁ ላይ ደግሞ «እንኳን ደስ አለዎት! የገና ሽልማት ደርሶዎታል» የሚል መልእክት ይገባል። ዕጣ ሳይቆርጡ!

እነዚህን ሁሉ እናውቃቸዋለን። የማንችለው «አወቅሽኝ?» ብሎ የሚመጣውን ሌባ ነው።

አክስቴ ብርነሽ ገበያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ አላት። ዘይት፣ ሳሙና፣ መኮሮኒ፣ ጨው። እሷ ታወራለች፣ እኔ እመዝናለሁ። የሰፈራችን ሰው ለገና በሬ ገዝቶ ቅርጫ የሚካፈለውም በእሷ በኩል ነው። ሁሉም ድርሻውን ለእሷ ይሰጣል፤ እሷ ደግሞ ስልኳ ላይ ባለው ሂሳብ ታስቀምጠዋለች። ስለዚህ ገና ሲቃረብ አክስቴ ከስልኳ ጋር መቀነቷ ውስጥ አንድ ሙሉ በሬ አስራ ነው የምትዞረው።

አክስቴ ያሳደገችው የወንድሟ ልጅ አለ፤ ደግፌ ይባላል። መርካቶ ሱቅ አለው። ስሙ ደግፌ ይሁን እንጂ እስከ ዛሬ ሲደግፍ የታየው የሱቁን ባንኮኒ ብቻ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ለመስቀል ቀረ። የሌላ አገር ሰዎች ከሆናችሁ ልንገራችሁ፤ ጉራጌ ለመስቀል አገሩ ካልገባ ወይ ታሟል ወይ ታስሯል። ደግፌ ታመምኩም ታሰርኩም ሳይል ቀረ። አክስቴ የክትፎ ድርሻውን ከድና አስቀምጣ በር በሩን ስታይ በዓሉ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ስሙን አታነሳም። ስልክ በጮኸ ቁጥር የዘይት መቅጃውን ጥላ የምትሮጠው ለማን እንደሆነ ግን እኔም ደንበኞቻችንም እናውቃለን።

ገና ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። አክስቴ ሁልጊዜ ላውድ ላይ አድርጋ ነው የምታወራው። ስለዚህ እኔም ሰማሁ፤ ከጎናችን ልብስ የምትሸጠው ከድጃም ሰማች።

«ሄሎ! ጠፋሁ አይደል?» አለ አንድ ወንድ።

«ማን ልበል?»

«እንዴ! ድምፄንም ረሳሽው? እስቲ በደንብ ስሚኝ... አወቅሽኝ?»

በዚህች ሰዓት «አላወቅኩህም» የምትል አንዲት ቃል ብትወጣ ነገሩ ሁሉ ባለቀ ነበር። ግን ከማን አፍ ይወጣል? «ኮራች» ሊባል! «ረሳችን» ሊባል!

«ደግፌ ነህ?» አለች አክስቴ።

«አዎ! ደግፌ ነኝ!»

አያችሁ? ሰውየው ገና ምንም አልዋሸም። ስሙን ያወጣችለት አክስቴ ናት። ክርስትና አነሳችው ማለት ይቻላል!

«ድምፅህ ጎረነነብኝ፤ ሱቅህ ውስጥ ጉንፋን ይዞህ ነው?»

«አዎ፣ ክፉኛ ይዞኛል» አለና ሳለ። አሳሳሉ ልብ ያባባል።

«ለመስቀልም አክስትህን ትተህ የቀረኸው ታመህ ነው?»

«ታምሜ ነው አክስቴ! እንዳትጨነቂ ብዬ ደበቅኩሽ። አልጋ ላይ ተኝቼ ክትፎሽ በዓይኔ ሲዞር ነበር።»

አክስቴ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። «ልጄን! እኔ ደግሞ ስረግመው ከረምኩ!»

እኔ ግን ደግፌ ሲስል ሰምቼ አላውቅም። ብስል ደንበኛ ይሸሻል ብሎ የሚፈራ ሰው ነው። ልናገር አፌን ስከፍት አክስቴ ቀደመችኝ።

«አሁን የት ነህ? ቡታጅራ ገብተሃል?»

«መንገድ ላይ ነኝ! ወልቂጤ ደርሻለሁ፤ ቡታጅራ ልገባ ትንሽ ነው የቀረኝ!»

ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል። የእኛው ጅብ የሚያውቁት አገር መጥቶ ነው ቁርበት የጠየቀው! ለእሱ ጉራጌ ማለት አንድ ሰፈር ነው መሰለኝ። ወልቂጤ በአንድ መንገድ፣ ቡታጅራ በሌላ መንገድ። ከአዲስ አበባ ቡታጅራ ለመምጣት ወልቂጤ የሚገባ ሰው ግራ ጆሮውን ለማከክ ቀኝ እጁን በጀርባው የሚያዞር ሰው ነው። ከድጃ ጉሮሮዋን ጠረገች። እኔም በዓይኔ አክስቴን ለመንኳት። አክስቴ ግን ፊቷ በራ።

«አየሽ?» አለችኝ። «ዝም ብሎ አይደለም የዞረው፤ አገና ገበያ ገብቶ ቆጮ ሊገዛልኝ ነው!»

«አዎ፣ ቆጮ ይዣለሁ!» አለ ስልኩ ውስጥ ያለው።

እንግዲህ ምን ይባላል? ሌላው ሌባ ውሸት ለመፈልሰፍ ሌሊት እንቅልፍ ያጣል። የእኛው ሌባ ተዘጋጅቶ የቀረበለትን ይጎርሳል!

«ስሚኝ አክስቴ፣ የበዓል ብር ልኬልሻለሁ። አሁን ስልክሽ ላይ ቁጥር ይመጣል። እሱን ካነበብሽልኝ ብሩ ወዲያው ይገባልሻል።»

አክስቴ ያለ መነጽር ቁጥር አይታያትም። ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። መልእክቱ ሲገባ አነበብኩት። ቁጥሩ ከላይ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ «ይህን የሚስጥር ቁጥር ለማንም አይስጡ» ይላል።

«አክስቴ...» አልኩ በቀጭን ድምፅ።

«ምን ይላል?»

«ለማንም አይስጡ ይላል።»

«ታዲያ ደግፌ ‹ማንም› ነው እንዴ?» ብላ ተቆጣችኝ። «አንብቢለት! ሰው መንገድ ላይ ቆሞ!»

የሰፈሩ በሬ ገመዱ ተፈቶ፣ ጭራውን እየወዘወዘ ከአክስቴ መቀነት ሲወጣ በዓይነ ሕሊናዬ ታየኝ። ከኋላው ድስት የያዙ ጎረቤቶቻችን ይሮጣሉ። «አክስቴ፣ ይህ ሰው ሌባ ነው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን እሱ እየሰማ? ደግሞስ ደግፌ ከሆነ? «ዘመዷን ሌባ ያለች» ተብዬ በዚህ ከተማ የት እገባለሁ?

«እህቴ፣ ቁጥሩን!» አለ ሰውየው።

«እሺ...» አልኩ። አይገርማችሁም? እሺ አልኩ!

እሺ ካሉ በኋላ የሆነ ቁጥር ማንበብ ግድ ነው። ከፊቴ የዘይት ጄሪካን ቆሟል፤ ጎኑ ላይ ቁጥር ታትሟል። እሱን አነበብኩለት። ቀስ ብዬ፣ አጥርቼ፣ እንደ ጨዋ ልጅ።

ትንሽ ቆይቶ «አይሠራም» አለ። «እንደገና ልኬልሻለሁ፤ አሁን የመጣውን አንብቢው።»

«እሺ...»

ከድጃ እጇን ዘርግታ የሳሙናውን ካርቶን ወደ እኔ አዞረችልኝ። አነበብኩ።

«ይሄም አልሠራም! በደንብ እያየሽ ነው?»

«አዎ... ይቅርታ...»

ከድጃ መኮሮኒ አቀበለችኝ። የሚያበቃበትን ቀን አነበብኩለት። አስቡት! ሰውየው የሆነ ቦታ ተቀምጦ በመኮሮኒ ማብቂያ ቀን የሰው በሬ ሊፈታ ይታገላል። ላቡ እዚህ ድረስ ሸተተኝ። ከድጃ የልብስ ክምር ውስጥ ፊቷን ቀብራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አክስቴ ብቻ «አይዞህ ደግፌ፣ ኔትወርክ ነው» እያለች ታጽናናዋለች።

በመጨረሻ ሌባው ትዕግሥቱ አለቀ።

«ቶሎ በሉ እንጂ! እኔ ለእናንተ ብዬ በገና ሰሞን ሱቄን ዘግቼ ስለፋ...»

አክስቴ ቀና አለች።

«ምን አልክ?»

«ለእናንተ ብዬ እየለፋሁ...»

«እሱን አይደለም። ሱቁን ምን አደረግከው?»

ሰውየው ነገሩ የሚያስመሰግነው መሰለው። «ዘጋሁት!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ለገና ከገበያ ቤተሰብ ይበልጣል ብዬ ዘጋሁት!»

ከድጃ ከልብሱ ክምር ውስጥ ወጣች። «ወላሂ፣ አለቀለት!» አለች።

አክስቴ ጉንፋኑን አልፋለታለች። ወልቂጤን በቆጮ ሸፍናለታለች። ይህ ግን ከአቅሟ በላይ ሆነ። የእኛ ሰው ለመስቀል ሱቁን ሲዘጋ እንኳ ቁልፉን እየነካካ፣ ወደ ኋላ እየዞረ፣ ሬሳ እንደሚሸኝ ሰው ነው የሚሄደው። በገና ገበያ! መርካቶ! ጉራጌ ሱቁን ዘግቶ! ከዚህ ይልቅ በሬው ራሱ ደውሎ «ደግፌ ነኝ» ቢላት ታምን ነበር።

«ልጄ» አለችው በቀስታ። «አላወቅኩህም።»

ዘጋችው።

ከዚያ የጨው ጆንያው ላይ ተቀመጠች። ስለ በሬው የምትደነግጥ መስሎኝ ውሃ ቀዳሁላት። ስለ በሬው አንድ ቃል አልተናገረችም። ብርጭቆውን ተቀበለችና፣

«አልታመመም ማለት ነው» አለች። «ዝም ብሎ ነው የቀረው።»

ብሩ አልተነካም፤ ሌባው ግን አንድ ነገር ይዞባት ሄደ።

ወሬው ሲሰማ ባለ ቅርጫዎቹ ሱቁን ሞሉት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! «እኔ ብሆን በመጀመሪያው ቃል ነበር የማውቀው!» ይላል አንዱ፤ ያው ባለፈው ሳምንት ከነሙዙ ቅቤ ገዝቶ የገባው ነው። «እኔንማ ማንም አያታልለኝም» ትላለች ሌላዋ፤ በርበሬዋ ወጥ ውስጥ እንደ አሸዋ ጥርስ የሚሰብረው። ሁሉም አክስቴን መክረው፣ ሁሉም እኔን «አንቺ ዓይን አፋር፣ እንዴት አትናገሪም?» ብለው ገሥጸው ወጡ። ጄሪካኑን ያመሰገነ የለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁ ውስጥ ማንም ሳይኖር ልምምድ ጀመርኩ። «አላወቅኩህም» እላለሁ ለሳሙናው። «አላወቅኩህም» እላለሁ ለጨው። አንድ ጊዜ ደንበኛ ድንገት ገብቶ ሰምቶኝ «ይቅርታ» ብሎ ወጣ።

የገና ዋዜማ ስልኩ እንደገና ጮኸ። ቁጥሩን አናውቀውም። ከድጃ ሥራዋን ትታ መጣች። አክስቴ ላውዱን ከፈተች።

«ሄሎ... አክስቴ... አወቅሽኝ?»

«አላወቅኩህም!»

«እኔ ነኝ እኮ!»

«እኔ የሚባል ዘመድ የለኝም። ስምህን!»

«ደግፌ ነኝ! ስልኬ ጠፍቶብኝ በሰው ስልክ ነው የደወልኩት...»

«ደግፌማ ባለፈው ወልቂጤ ደርሶ ነበር። ቆጮም ይዞ ነበር። አንተ የትኛው ነህ?»

«ምን ሆነሻል አክስቴ? አሞሻል እንዴ?»

«ሱቅህን ዘጋህ?»

«በገና ዋዜማ?! አብጃለሁ እንዴ!»

ከድጃ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ይሄኛው ለእውነት ይቀርባል» አለች። አክስቴ ግን ፊቷን አልፈታችም። ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ፣ የሰፈሩ በሬ ሁሉ በዚህች ጥያቄ የታሰረ ይመስል፣ እያንዳንዱን ቃል ረግጣ ጠየቀችው።

«ለመስቀል ለምን ቀረህ?»

ዝም አለ። ከስልኩ ውስጥ የመርካቶ ተሸካሚ «ዞር በሉ!» ሲል ይሰማል። «እ... አክስቴ... ማለቴ...» አለ። መሳል እንኳ አልሳለም!

አክስቴ ስልኩን በመዳፏ ሸፈነችው። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ወደ እኛ ዞረች።

«እሱ ነው!» አለች። «ሌባ ቢሆን መልስ ነበረው።»